ሳልገኝበት የተመረቅኩበት ቀን

የምርቃት ሥነ ሥርዓትን የጠላሁት ገና ሳልመረቅ ነው። አሰላ ኮሌጅ ስማር፣ እኔ ከመመረቄ በፊት በነበረው ዓመት፣ እንግዳ ተቀባይ አድርገውኝ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ድንኳኑ ከላይ ያንጠባጥባል፣ ከታች ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ የክብር እንግዳው ደግሞ «በአጭሩ ለመናገር ያህል» ብለው ጀምረው ወረቀታቸው አያልቅም። ተመራቂዎቹን ጋዋናቸው ውስጥ ዝናብ እንደመታው ዶሮ ተኮማትረው ሳይ ለራሴ ማልኩ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም፤ ዲግሪዬን በመስኮት ይስጡኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሬጅስትራር ቢሮ ሄጄ መገኘት ግዴታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ግዴታ እንኳ አይደለም አለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ እንደማታውቅ ግን ፊቷ ያስታውቅ ነበር። ለእኔ በቂ ነው። ፎቶ ቤት ሄጄ ጋዋኔንና ቆቤን ለብሼ ተነሳሁ፣ ፎቶውን ለቤተሰቦቼ ላክሁ፣ በእኔ በኩል ምርቃቱ አለቀ።

የቀረው ለአባቴ መንገር ነበር። አባቴ በቆጂ ጎሚስታ ነው፤ «በዓል ነው ብሎ ሳይፈነዳ የሚያድር ጎማ የለም» ስለሚል ፋሲካንም ጥምቀትንም ሥራ ላይ ነው የሚውለው። ስልክ ደውዬ አትምጡ፣ እኔም አልገኝም፣ በዕለቱ ጠዋት ራሴ እመጣላችኋለሁ አልኩት። ለምን አለኝ። ዝናቡን፣ ጭቃውንና ንግግሩን ዘረዘርኩለትና አትምጡ ብዬ ደገምኩ። እሺ ልጄ ብሎ ዘጋው።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት ሰው «በቃኝ» ሲል የሚያምነው የለም። እንግዳ አንዴ እምቢ ሲል ይጨመርለታል። ሁለተኛ እምቢ ሲል «በሞቴ» ይባላል። ሦስተኛ እጁን ሳህኑ ላይ ከከደነ፣ ያኔ ምናልባት ጠግቦ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። እኔ አትምጡ ያልኩት ሁለቴ ብቻ ነው። አባቴ ስልኩን እንደዘጋ ለእናቴ «እንዳንቸገር ብላ ነው፣ ልጅቷ ጨዋ ናት» ብሏታል አሉ።

በምርቃቱ ቀን ጋዋኔን ለእናቴ ላሳያት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሳጉሬን እንዳለፍን በአበባ ያሸበረቀ ሚኒባስ ጥሩምባውን እያንባረቀ ከፊት ለፊታችን መጥቶ አለፈን። ሥራ ፈት ሁሉ፣ በዚህ ዝናብ ምን ያስጨፍረዋል ብዬ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት አማሁላት። ውስጥ ያሉት የእኔው ሰዎች ነበሩ።

በቆጂ ደርሼ የአባቴን ሱቅ ተዘግቶ ሳየው የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። በሩ ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር የተነፈሰ ጎማውን አጋድሞ ተቀምጧል። «አባን ኬሳ ሂንጂሩ» አለኝ በኦሮምኛ፤ የቤቱ ጌታ የለም ማለቱ ነው። ቀጥሎም በአማርኛ፣ ልጁን ሊያስመርቅ አሰላ ሄዷል፣ አንቺ ማነሽ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ነኝ ማለት አፍሬ የሰፈር ሰው ነኝ አልኩት። ወደ ቤት ስሄድ ደጃችን ላይ ሁለት በግ ታስሯል፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው ጎረቤታችን ሐጂ ለሙስሊሙ እንግዳ የሚያርዱት። ሁለት በግ ካለ ቀልድ የለም። አባቴ ጋ ደወልኩ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ የሚያነሳ ጠፋ። በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ።

አሰላ ስደርስ ሥነ ሥርዓቱ አልቋል። ሜዳው ላይ ሰውና ጃንጥላ ተደበላልቋል። የእናቴን እልልታ ግን ከሺህ እልልታ እለየዋለሁና ወደዚያው ሮጥኩ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ የዕድር ሴቶች ያጨበጭባሉ፣ መሀላቸው ጋዋን የለበሰች የማላውቃት ልጅ ለእኔ ያመጡትን የአበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቤተሰቦቿ አገራቸው ሩቅ ስለሆነ ሊመጡላት አልቻሉም። እኔን ሲያጡ ለብቻዋ ቆማ አይተዋት፣ ሐጂ «አበባው ከሚጠወልግ፣ እሷም የሰው ልጅ ናት» ሲሉ እናቴ አጥልቃላት ነው። እናቴ ስታየኝ፣ መጣሽ እንዴ፣ ነይ ከሷ ጋር ፎቶ ተነሺ አለችኝ። በገዛ ምርቃቴ እንግዳ ሆንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

አባቴ ፎቶው ውስጥ አልነበረም። የተዋሰው ኮት ትከሻው ድረስ ርሶ፣ ከባዶዎቹ ወንበሮች አጠገብ ቆሟል። ከይቅርታ በፊት ክርክሬን ነው ያስቀደምኩት።

«ግዴታ አይደለም ብዬህ ነበር እኮ አባዬ።»

አልተቆጣም። ኮሌጁ ትንሽ ስለሆነ ተመራቂውን አንድ በአንድ በስም እንደጠሩ፣ የእኔም እንደተጠራ ነገረኝ።

«ጠሩሽ፤ የተነሳ የለም። ደግመው ጠሩሽ። ከአንቺ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የማን ነው? የኔ ነው። ተነሳሁ።»

አንዱ አስተናጋጅ መጥቶ፣ አባት ይቀመጡ፣ የሚፈለገው ተመራቂው ነው ብሎታል። እሱ ግን ስሜን ነው የጠሩት ብሎ እንደቆመ ቀረ። ሰዉ ዞሮ አየው፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አጨበጨበ። በድምፅ ማጉያ ስሙ ሲጠራ በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር፤ ይህን ሲነግረኝ በእጁ ጉልበቱ ላይ የሌለ ጭቃ ያራግፋል።

ዕንባዬ መጣ። ጋዋኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጃኬቴ ላይ ልደርበው ስታገል እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ፣ «አንዴ ተጨብጭቦልናል።»

ሜዳው ሙሉ ሰው አጨብጭቦለታል። ያላጨበጨብኩለት እኔ ብቻ ነኝ።