እግር ግጠም፣ ዓይን ጨፍን

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ጀርባው ጎበጥ ስለሚል እኛ «ጎባጤ» እንለው ነበር። የሰፈሬ ወጣቶች ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስለ ድልና ስለ ጀግንነት እንዳወራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን የምነግራቸው አንድ ወታደር እዚያ ኮረብታ ላይ እንዴት ቆሞ መሄድ እንዳቃተው ነው። በእሱ ምክንያት ስለያዝኩት ቂምም እነግራቸዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ያዙ፣ አትልቀቁ። ጎህ ሲቀድ ያዝን። ቆፈርን። መሬቱ ጭንጫ ስለነበረ ምሽጋችን ከጉልበት አላለፈም። ፀሐይ እንደወጣች ሞርታር ይዘንብብን ጀመር። ሲወርድ ተደፋን። ሲያቆም ስም ተጠራራን። እንደገና ወረደ፤ እንደገና ተጠራራን። በየዙሩ መልስ የማይሰጥ ስም ይገኝ ነበር።

ወንድወሰን ከጎኔ ነበር። እሱም እንደኔ የቂርቆስ ልጅ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ኳስ ሲያንቀረቅብ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ሞርታር ምሽጋችን አፋፍ ላይ ወደቀ። የኔ ቀኝ ጆሮ ጮኸ፤ እስከ ዛሬም ዝም አላለም። ወንድወሰን ወደ ፍንዳታው የቀረበ ነበርና ግንባሩ ተሰነጠቀ፣ ከሁለቱም ጆሮዎቹ ደም ወረደ።

ሐኪም የምንለው የሦስት ወር ኮርስ የወሰደ ጓዳችን ነበር። አልኮል አልቆበታል። ለሚካኤል ብሎ በኮዳ ያስቀመጣትን አረቄ ቁስሉ ላይ አፈሰሰለት፤ ሸሚዙ ድረስ ራሰ።

«አለህ?» አለው።

«አለሁ፤ መሬቱ ግን ይዞራል።»

ሐኪሙ ወደ ሌላ ቁስለኛ ሲሮጥ ተመታ። አልተነሳም።

ጋብ ሲል የሻምበላችን አዛዥ አድማሱ ምሽጉን ሊቃኝ መጣ። ፈሪ አልነበረም፤ ይህን ስለ እውነት እመሰክራለሁ። አንቱ የማልለው ግን አውቄ ነው። ከሁሉ አብልጦ መጠጥ ይጠላ ነበር፤ ሰካራም ወታደር የሚያጋልጠው ጓዱን ነው ይል ነበር። ወንድወሰን ሊነሳለት ሞከረ። ተንገዳገደና የምሽጉን ጠርዝ ያዘ። አረቄው ሸተተ።

«ጠጥተሃል» አለው ሻምበሉ።

«አልጠጣሁም ጌታዬ።»

«ተጠንቀቅ! እግር ግጠም! ዓይን ጨፍን!»

ወንድወሰን እግሩን ገጠመ። ዓይኑ ክፍት ሳለ እየተወዛወዘም ቢሆን ቆመ። ሲጨፍን እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ ወደ ግራ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ አረቄውን ሐኪሙ ነው ቁስሉ ላይ ያፈሰሰው» አልኩ።

«የታለ ሐኪሙ?»

በጣቴ አሳየሁት። ፊቱ ላይ ጨርቅ አልብሰነው ነበር።

«ሬሳ ምስክር ትጠራለህ? ዝም በል!»

ትጥቁን አስፈታው። ሰካራም ከወታደሮቹ ጋር እንደማይሰለፍ ተናግሮ ብቻውን ወደ ደጀን እንዲወርድ አዘዘው። መውረጃው ፈንጂ አምካኞች የጠረጉት ቀጭን መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ነጭ በተቀቡ ድንጋዮች ተለይቷል። ጤነኛ ሰው እየተተኮሰበትም ይወርድበታል። ወንድወሰን ዞሮ አየኝ።

«ግርሜ፣ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል» አለኝ።

ልከተለው ተነሳሁ። ሻምበሉ ክንዴን ያዘ። ወንድወሰን ትንሽ ሄደ። ወደ ግራ አዘነበለ፤ ራሱን መለሰ። እንደገና አዘነበለ። ድንጋዩን አለፈ። ፈንጂው ፈነዳ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻምበሉ በራዲዮ ሲያስተላልፍ ሰማሁት። «ዐሥር ተሰውተዋል። አንድ በዲሲፕሊን ጉድለት ሞቷል» አለ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሻምበሉ ራሱ ቂርቆስ መጥቶ ለወንድወሰን እናት ለእማማ ዘነበች ይህንኑ ነገራቸው። እኔ ያኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ወጥቼ እውነቱን ስነግራቸው አላመኑኝም። «አንተማ ጓደኛው ነህ፣ ትሸፍንለታለህ። አለቃው ምን ብሎ ይዋሻል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ግንባር የቀሩ ልጆች ስም በተነሳ ቁጥር እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። «የሰው ልጅ ተሰዋ፣ የኔ ሞተ» ይላሉ። ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሻምበል አድማሱን በልቤ እሰቅለው ነበር።

ሻምበሉ ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ወዳደገችበት ወደ ቂርቆስ ገባ። ውሎ አድሮ የዕድራችን ሊቀመንበር ሆነ። ከዕድሩ ውጣ ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ የአባቴን ዕድር ግን ለእሱ ብዬ አልለቅም። ወደ ስብሰባ ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። እሱም «በእግዜር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ይላል። እኔ አልነሳም። ዕድሜዬ ሲገፋ የጆሮዬ ጉዳት ብሶብኝ ነበርና ስነሳ ይዞርብኛል። ሰዎች «ግርማ ታማሚ ነው» እያሉ ያልፉኛል። እኔም እንዲያ እንዲመስላቸው ተውኳቸው።

አንድ ቀን ደምበል ፊት ለፊት አስፋልት ስሻገር ወደቅሁ። ልጄ ጎትታ ካዛንቺስ ወሰደችኝ፤ ከፈረሱት ቤቶች ማዶ ባለ ሕንፃ ላይ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ አለ። ሕይወት የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁና እግርዎን ይግጠሙልኝ። በቃ እንደሱ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

አልጨፈንኩም። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት። ድምፄ ተለውጦ ነበርና ደነገጠች።

«ማለቴ... ባላንስ ቼክ የምናደርገው እንደዚህ ነው ጋሼ። አይፍሩ፣ እይዝዎታለሁ።»

እጆቿ ግራና ቀኜ ተዘርግተው ነበር። ጨፈንኩ። ወደቅሁ። ያዘችኝ።

ወንበር ላይ አስቀምጣ አስረዳችኝ። «አንጎል መቆማችንን የሚያውቀው ከሦስት ቦታ በሚመጣለት ወሬ ነው ጋሼ። አንዱ ከዓይን፣ አንዱ ከውስጥ ጆሮ፣ አንዱ ደግሞ ከእግር መዳፍ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ። ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል ሦስቱን እያመሳከረ የጡንቻዎችን ሥራ ያስተካክላል፤ እኛ ሳናስበው ማለት ነው። የውስጥ ጆሮ ሲጎዳ ወሬው ይዛባል። ዓይን ክፍት ከሆነ ይሸፍንለታል። ሲጨፈን ግን...»

«ሰካራምስ?» አልኳት።

«እሱም ይንገዳገዳል፤ አልኮል ትንሹን አንጎል ያውከዋል። አይቶ ብቻ መለየት ከባድ ነው። ለዚህ እኮ ነው የምንጠይቀው፣ የምንመረምረው።»

ነገሩ በወታደር ቋንቋ ገባኝ። ሦስት ቃፊር አለ፣ አንዱ ተመትቷል፣ የተዛባ ወሬ ይልካል። ሻምበሉ ሌላኛውን ቃፊር በትእዛዝ አስጨፈነና ወንድወሰን ለምን ወደቀ ብሎ ፈረደበት። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ሕይወት ስላመመኝ መሰላት። ካለቀስኩ በኋላ የመጣው ንዴት ከልቅሶው ይብስ ነበር።

ልምምድ ሰጠችኝ። ራስን ግራ ቀኝ እያዞሩ ዓይንን አንድ ነጥብ ላይ መትከል። ወፍራም ስፖንጅ ላይ መቆም። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጭን መስመር መሄድ። አንጎል የጎደለውን በቀረው መሸፈን ይማራል አለችኝ። ሌላው ሰው ለመዳን ይለማመዳል። እኔ የተለማመድኩት ሻምበሉ ፊት ሳልንገዳገድ ቆሜ ልናገረው ነው። መስመሩ ላይ ስሄድ ነጭ ድንጋዮቹ ይታዩኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልቀረሁም።

እሱ ቀደመኝ። አንድ ጠዋት የክሊኒኩ በር ተከፈተና ሻምበል አድማሱ ግድግዳ እየያዘ ገባ። ለኢንፌክሽን የወጉት ጠንካራ መድኃኒት የውስጥ ጆሮውን ጎድቶታል። ሕይወት እግሩን አስገጥማ ዓይኑን አስጨፈነችው። ወደቀ፤ ያዘችው። ደስ አለኝ። አላፍርበትም፤ ሆዴ ድረስ ደስ አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠ።

«ግርማ፣ ዕድርተኛው ሰክሮ ነው የሚንገዳገደው ይለኛል» አለኝ። «የገዛ ልጄ አፌን ታሸተኛለች። እሑድ ከሊቀመንበርነት ሊያወርዱኝ ነው። የሐኪም ወረቀት ባሳይ ወረቀት ይገዛል ይላሉ። አንተን ግን ይሰሙሃል። በሽታ መሆኑን መስክርልኝ።»

ዓይኑን አየሁት። የጠየቀኝ ምን እንደሆነ አልገባውም። እሱ ረስቶታል።

«አንድ ቀን መስክሬልህ ነበር» አልኩት። «ጎባጤ ላይ። ዝም በል አልከኝ።»

አሁን አስታወሰ። እዚያ አግዳሚ ላይ ሰውዬው በአንዴ አረጀ።

«ወንድወሰን...» አለ። «ያ ልጅ... እንደኔ ነበር?»

«እንዳንተ ነበር። መጀመሪያ እማማ ዘነበች ቤት ትመጣና በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ እሑድ እመሰክርልሃለሁ። ካልመጣህ እኔም ሰክሯል እላለሁ።»

መጣ። እማማ ዘነበች አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ሻምበሉ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መደገፊያ ዱላውን እየጨበጠ ተናገረ።

«እማማ፣ ልጅዎ አልጠጣም። ጆሮው ተጎድቶ ነው የተንገዳገደው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

እማማ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር።

«ያኔ ልጄን እንዴት አድርገህ ነው ያቆምከው?» አሉት።

«እግሩን አስገጥሜ... ዓይኑን አስጨፍኜ።»

«በል አንተም እንደሱ ቁምና ድገምልኝ። ዱላህን ለግርማ ስጠው።»

ዱላውን ሰጠኝ። ተነሳ። እግሩን ገጠመ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከእሱ የክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

«ወንድወሰን አልሰከረም» ብሎ ጀመረ። ወዘወዘው። «ቆስሎ ነበር። እኔ...» ግድግዳው ላይ ወደቀ፣ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አላነሳሁትም። እማማም አንሳው አላሉኝም።

«የሞቱትን ቁጠርልኝ» አሉት።

እዚያው ወለሉ ላይ ሆኖ ቆጠረ። ሐኪሙን ጨምሮ ዐሥሩንም በስም ጠራቸው። አንዱን እንኳ አልረሳም፣ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ አቆመ። ጠበቅነው።

«ወንድወሰን» አለ። «ዐሥራ አንድ ናቸው።»

«ተሰዋ በለኝ።»

«ተሰዋ።»

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ልቅሷቸው ያን ጊዜ መጣ፤ ለብዙ ዓመት ያላለቀሱት ልቅሶ ነው። ጎረቤት ሰምቶ እስኪገባ ድረስ አለቀሱ። ለገባው ሁሉ «ልጄ ተሰውቶብኝ ነው» ይሉ ነበር።

ጎባጤ ላይ ዐሥራ አንድ ሰው ቀርቶብናል። ለወጣቶቹ የምነግራቸው ቁጥር ይህ ነው። በቀል ሙት አያስነሳም ይሉኛል፤ አውቃለሁ። ጠግቤያለሁ ብል ግን እዋሻለሁ።

እሑድ ቃሌን ጠበቅሁ። ያለ ድጋፍ ዕድርተኛው ፊት ቆሜ ሻምበል አድማሱ እንዳልጠጣ፣ የውስጥ ጆሮው እንደተጎዳ፣ የሚንገዳገድን ሰው ሳይጠይቁ ሰካራም ማለት ነውር መሆኑን ተናገርኩ። ሰዎቹ አፈሩ፤ ሊቀመንበርነቱም ጸና። ተናግሬ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። በተከፈተው በር ከደጅ ሲያየኝ የነበረው ሻምበል በልጁ ክንድ ተደግፎ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ።

«ኖር!» አሉት።

በእግዜር አላለም። በቆሙት ሰዎች መካከል ወደኔ ያይ ነበር። ያን ጊዜ ተሽሎኝ ነበር፤ መነሳት እችላለሁ፣ መቻሌንም ቅድም ቆሜ ስናገር አይቷል። አልተነሳሁም።