የእትዬ ማንኪያ ክፍል

እትዬ ማንኪያ በመጨረሻ ያሸተቱት ነገር ያረረ ሽንኩርት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን ጥሏቸው ተኝተው ሳሉ ሽታው ከጎረቤት ወጥ ቤት በመስኮት ገባ። ጉንፋኑ ሲለቃቸው ሽታውንም ጣዕሙንም ጠራርጎ ይዞባቸው ሄደ።

ማንኪያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ ዝግጅት ማስተማር ከጀመሩ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከጉንፋኑ ወዲህ ግን ድስት በተጣደ ቁጥር ማንኪያውን ለአንዷ ይሰጡና፣ «ቅመሺና ንገሪኝ፤ ሌላው አፉን ይያዝ» ይላሉ። ልጅቷ ጨው አነሰው ካለች ጨው ይጨመራል። ሁሉም የማስተማር ዘዴ መሰለው፤ ርዕሰ መምህሩም በስብሰባ ፊት አመሰገኗቸው። ቢታወቅ ክፍሉን ይነጥቁኛል ብለው እትዬ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሩቅ ያለችው ልጃቸው በስልክ፣ «ምን በላሽ እማዬ?» ስትላቸው፣ እንደ ጭቃ የዋጡትን ምግብ አጣፍጠው ያወሩላታል።

ታዲያ ዘንድሮ ከትልቅ ሆቴል አንዲት ወጣት ሼፍ ለአንድ ወር እየመጣች እንድታግዛቸው ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ቢላውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይሄ ቢላ ነው ወይስ ማስመሪያ?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ሼፏ ዕቃ ልታመጣ ወጣ አለች። የቲማቲም ስጎ ተጥዷል፤ እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ድስቱ አረረ። ሠላሳ ተማሪ ሸተተው፤ ማንኪያ ያልተሰጠው አይናገርምና ሁሉም ዝም አለ። ሼፏ ሮጣ ገብታ እሳቱን አጠፋች። እትዬን ትክ ብላ አየቻቸው።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አንድ ብርጭቆ አቀረበችላቸው።

«እስቲ ያሽትቱልኝ፣ እትዬ።»

«ውኃ ነው፣ ልጄ።»

«ኮምጣጤ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስድስት ዓመቴ።»

«ማን ያውቃል?»

«አንቺ።»

ሼፏ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔ አልናገርም። ግን የምድጃው ጋዝ ቢያፈስስ? ሠላሳ ልጅ ነው'ኮ።»

«መዝጊያውን ስንት ጊዜ እንደማየው አታውቂም።»

«የዛሬውን ድስትስ አይተውት ነበር?»

እትዬ ያረረውን ድስት አዩት። ሼፏ ነገሩ ከበዳትና ተነሥታ፣ ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዙራ፣ ድስቱን መፈግፈግ ያዘች። «ርዕሰ መምህሩ ጋ አብረን እንገባለን። የሚያሸት ረዳት ይመደብልዎ እላቸዋለሁ። እንደርስዎ ቢላ አያያዝ የሚያስተምር የት ይገኛል?»

እትዬ ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የክፍሉን ቁልፍ እንዳይንኳኳ ቀስ ብለው ሽርጡ ላይ አኖሩት።

ሼፏ ውኃውን ዘግታ፣ «አይሻልም፣ እትዬ?» ብላ ዞር ስትል ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።