ቆዳው የሚፈለግ ሰዓት

ዘመናትን የሚያዞር፣ እርሱ ግን የማይዞር፣ ቀኑንም ሌሊቱንም ያለ ሰዓት የሚያውቅ እግዚአብሔር ስሙ ይክበር። ይህን ስም ካስቀደምሁ በኋላ የምጽፈው ግን ስለ ሰማያዊ ነገር አይደለም፤ ስለ አሮጌ የኪስ ሰዓት ነው።

በቅኔ ቤት ሳለሁ ሰዓት የምናውቀው የገዛ ጥላችንን በእግራችን ጫማ እየለካን ነበር። የማይሰረቅ፣ የማይሰበር መለኪያ ነው፤ ጉድለቱ ደመና ሲሆን ብቻ ነው። ይህን የተማረ ሰው በስተርጅናው መሳቢያ ሙሉ የኪስ ሰዓት ሲሰበስብ ቢታይ፣ ወይ ትምህርቱ አልገባውም ወይ ደመና በዝቶበታል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ትመርጣለች።

በፒያሳ ወርቅና ብር ቤቶች ዘንድ የኪስ ሰዓት እንደ በግ ነው፤ ልዩነቱ ቆዳው ተወስዶ ሥጋው መጣሉ ነው። አንጥረኛው የብር ሽፋኑን ገፍፎ ያቀልጠዋል፤ የሚመታውን የውስጥ ዕቃ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ይወረውረዋል። እኔ የምለቅመው ይህን የተጣለውን ነው። ወዳጄ አንጥረኛ በራፉ ላይ ባየኝ ቁጥር፣ "የኔታ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ ሊያነሱ መጡ?" ይለኛል። ፍትሐት እንደማደርስ ያውቃልና ቀልዱ መሠረት አለው።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን ከቅዳሴ መልስ ወደ ሱቁ ጎራ ብል፣ የቀድሞ ጎረቤቴን፣ እትዬን፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሠፈራችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡት የአባታቸውን የብር ሰዓት ነበር፤ አባታቸው የደብር አለቃ ነበሩ።

"የልጅ ልጄ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ከዚህ ብር የአንገት መስቀል ይሠራላት ብዬ ነው" አሉኝ። "አባቴ ካረፉ ወዲህ ሠርቶ አያውቅ። መጠምዘዣ እንኳ የለው። ከባለቤቱ ጋር ሞቷል።"

ጀርባውን ስከፍተው ደነገጥሁ። ውስጡ የዝገት ነጥብ የለበትም። መሐሉ ላይ አንዲት ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ቆማለች፤ በጣት ሳይሆን በትንሽ መክፈቻ ከሚሞሉት፣ ዛሬ ከማይገኙት ወገን ነው። አንጥረኛው ግን እሳቱን አቀጣጥሏል።

"እትዬ፣ ይህ ሰዓት አልሞተም፤ ተርቦ ነው። መክፈቻው የት ደረሰ?"

"ምን መክፈቻ? የኔታ፣ ለሕፃኗ ሰዓት ላንጠልጥልላት?"

"ለሬሳ መክፈቻ አይፈለግም" አለ አንጥረኛው እጁን እየዘረጋ፤ "ፍትሐቱን ያድርሱለትና እንገላገል።"

እትዬ ሊሰናበቱት፣ ሰዓቱንም ሊስሙት ጎንበስ ሲሉ ማተባቸው ከነጠላቸው ሾልኮ ወጣ። ከመስቀሉ ጎን አንዲት ደቃቃ የነሐስ መክፈቻ ተንጠልጥላለች።

አወቅኋት። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሰዓት መልቀም ሳልጀምር፣ አባታቸው በሞት አልጋ ላይ አንደበታቸው ተይዞ ሳለ ማተባቸው ላይ ያሰሩላቸው ይህ ነገር ምን እንደሆነ እትዬ ጠይቀውኝ ነበር። እኔም በቅጡ ሳላያት፣ "አንድም የዳዊት ቤት መክፈቻ ናት፤ አንድም የጴጥሮስ ሥልጣን ምሳሌ ናት፤ አንድም የኃጥእ ልብ የሚከፈትባት ንስሐ ናት" ብዬ ተረጎምሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ይሳለሟታል። ሦስት ምሥጢር ሳዘንብ፣ አራተኛው፣ የሰዓት መሙያ የሚለው፣ አልመጣልኝም።

"እስቲ ያውልቁልኝ" አልሁ።

"ማተቤን? በቁሜ? ደግሞ እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ!"

ማተብ አይወለቅም፤ ክሩም አጭር ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው፣ እኔ በቃል እየመራሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ጠመዘዙ። ለሚያያቸው ሥዕል የሚሳለሙ ይመስሉ ነበር። አንጥረኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ሰዓቱ መምታት ሲጀምር ግን መዳፉ እዚያው አፉ ላይ ቀረ።

እትዬ ቀና አላሉም። ጆሯቸውን ሰዓቱ ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

"አባቴ አጠገባቸው ሲያስቀምጡኝ የምሰማው ይህን ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥሎም እልልታቸውን አቀለጡት። "የኔታ፣ እርስዎ ያሉት ደረሰ! መክፈቻዋ ሙት አስነሣች!"

ላርማቸው ፈልጌ ነበር። ትርጓሜውን የሰጠሁ እኔ፣ ምስክሩ የሚመታው ሰዓት፤ በማን ልፈርድ?

"አሁን ይቀልጣል?" አለ አንጥረኛው።

"አንተ ቅለጥ!" አሉት።

ሰዓቱ አልቀለጠም፤ ወደ እኔ መሳቢያም አልገባም። ለመስቀሉ ግን ብር ያስፈልግ ነበርና፣ ሁለቱም ዐይናቸውን ደረቴ ላይ ጣሉ። የገዛ ሰዓቴን የብር ሰንሰለት ፈትቼ ለእሳቱ ሰጠሁ። እሑድ ዕለት ሕፃኗ ከእርሱ የተሠራው መስቀል አንገቷ ላይ ታስሮላት ክርስትና ተነሣች፤ አያቷም ዛሬም ከጸሎት በኋላ ጎንበስ ብለው የአባታቸውን ሰዓት ይሞላሉ። የእኔው ሰዓት በማተብ ክር ታስሮ ኪሴ ውስጥ ይኖራል፤ ባለቤቴ፣ "እርሱም ክርስትና ተነሣ?" እያለች ትጠይቀኛለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ የሞተ የመሰለህን መልካም ነገር ሁሉ አምላክ በጊዜው ይሙላልህ። ከቤትህ ሰላም፣ ከልጆችህ ጤና፣ ከአረጋውያንህ አንደበት ምርቃት አይቋረጥ። አሜን።