በመንደሩ ሰሌዳ ላይ የልጄ ስም

ልጄን ከሞተች በኋላ በደሏት፤ ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። እንግሊዝ አገር፣ ባሕር አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ የእሷን ስም ወደ አንዲት ፊደል አሳጥረው የአባቷን ሙሉውን ጻፉት። አባቷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ጥሎን የሄደ ሰው ነው።

ልጄ ከጆሃንስበርግ ወደዚያ የሄደችው አረጋውያንን ልትንከባከብ ነበር፤ ሴት ልጇን እዚህ ሜይፌር ሰፈር እኔ ጋ ትታ። እሑድ እሑድ በስልክ መንደሩን ታሳየኝ ነበር። ቤቶቹ ከባሕር ዳር በተለቀመ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። መንገዱ ስለሚጠብ አንዱ መኪና ሌላው እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ገደሉን ባሕሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል።

«እማዬ፣ እዚህ የበር ቀለም ለመቀየር እንኳ ስብሰባ ይቀመጣሉ» አለችኝ አንድ ቀን።

«በሩ የማን ነው?»

«የባለቤቱ ነዋ። ግን ቅርስ ነው ይላሉ።»

«እኔ ብሆን ቀብቼ ስጨርስ ነበር ለስብሰባው የምጠራቸው።»

ሳቀች። «አንቺማ በሳምንት ውስጥ መንደሩን ታስለቅቂያቸዋለሽ።»

ከዚያ በሽታው መጣ። አረጋውያኑ ታመሙ፤ እሷም ታመመች፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። አውሮፕላን ቆሞ ነበር። ቀብሯን በልጇ ስልክ አየሁት፤ ስድስት ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል፣ የቄሱን ድምፅ ነፋስ ይወስደዋል። አላለቀስኩም። ሎክዳውን ስለነበረ ለቀስተኛ ቤት አይገባም። ጎረቤቶች ማስክ አድርገው ከአጥሩ ውጭ ይቆሙና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ይሄዳሉ። እኔ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ያን ሰሞን ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

በዓመቱ የሰሌዳው ፎቶ መጣ። የመንደሩ ልማድ ነው፤ ድሮ ባሕር የወሰዳቸውን ዓሣ አጥማጆች ስም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር፣ አሁን ደግሞ በወረርሽኙ የሞቱትን ጨመሩ። ልጄንም እንደ ራሳቸው ሰው ቆጠሯት። ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። የእነሱ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ነው። የእኛ ግን የአባት ነው፣ የአንድ ሰው ስም።

«እዚህ የሞተው ማነው?» አልኳት የልጅ ልጄን፣ ፎቶውን እያሳየሁ።

«እማማ፣ ሲስተማቸው እንደዚያ ነው።»

«ሲስተሙ አላጠባትም። ጻፊላቸው።»

ጻፈች። ሰሌዳውን የምትጠብቀው ሴትዮ በትሕትና መለሰች፦ ከጥንት ጀምሮ በአንድ መስመር አንድ ፊደልና አንድ ሙሉ ስም ብቻ ይጻፋል፤ ቅርስ ስለሆነ ልማዱ አይቀየርም። ደግሜ አስጻፍኳት። ሦስተኛው ላይ የልጅ ልጄ «ይበቃል፣ እማማ» አለችኝ።

«እናትሽ ናት» አልኳት። ጻፈች።

በመጨረሻው ደብዳቤ ያስጻፍኩት አጭር ነበር። እዚያ ላይ በሙሉ የተጻፈው ሰውዬ መንደራችሁን አያውቃትም። በሕይወት ይኑር አይኑር እኔም አላውቅም። ሽማግሌዎቻችሁን ያጠበችው፣ ያጎረሰችው እሷ ናት።

ከወር በኋላ መልሱ መጣ፤ የልጅ ልጄ ቀስ ብላ በአማርኛ አነበበችልኝ።

«ልማዱ አንድ ፊደልና አንድ ሙሉ ስም ይላል እንጂ የትኛው እንደሚያጥር አይልም። ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰው ማክሰኞ ዕለት የልጅዎን ስም በሙሉ ጽፏል፤ የአባቷን ወደ አንዲት ፊደል አሳጥረናል።»