ለአባቴ ኮከብ ሳነሳ

አባቴ ሰማይ ላይ ያለው ጨረቃ ብቻ ነው ብለው የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ጨረቃን ያምናሉ። የንጋት ኮከብንም ደኅና አድርጋ የደመቀች ዕለት «አለች» ብለው ይመሰክሩላታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የሰው ወሬ ያደርጉታል። ዳፍንት አለባቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይናቸውም አብሮ ይጠልቃል። ቀን የጠፋ መርፌ ፈልገው የሚያገኙ ሰው ማታ የገዛ ደጃፋቸውን የሚያገኙት በዳበሳ ነው። ሠርግ ቢጠሩ ከዶሮ እኩል ቤታቸው ይገባሉ፤ ሚዜዎቹ ገና ሳይሞቃቸው አባቴ በቅሏቸው ላይ ናቸው። እኔም የተማርሁ ነኝ ብዬ አንድ ሰሞን ካሮት አስበላኋቸው፣ ዓይን ሐኪም ዘንድም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ «ከተፈጥሮ ነው፤ መድኃኒት የለውም» አለን። ካሮቱን አባቴ እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበስ ነው። ቀና ማለት የጀመርሁት አምና ነው፣ እሱም መብራት ስለጠፋ። አንድ ማታ ከተማው በሙሉ ድርግም አለ። ጎረቤቶቼ በየበራቸው ወጥተው ሲያማርሩ እኔም ላማርር ወጣሁና አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ገጠር ያደግሁ ነኝ፣ ኮከብ ብርቄ አይደለም፤ ግን ከተማ ከገባሁ ወዲህ ረስቼው ኖሮ ሰማዩ እንዳለ የወረደብኝ መሰለኝ። ስልኬን አውጥቼ ወደ ላይ አነሳሁት። የወጣው ፎቶ ከሰል ነው። ደግሜ አነሳሁ፤ ሌላ ከሰል።

እልኽ ያዘኝ። እኔ እልኽ ከያዘኝ ደግሞ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ ወሬም ሌላ የለም። ያገኘሁትን ቪዲዮ ሁሉ አየሁ። ነገሩ ቀላል ነበር፦ የካሜራውን ዓይን ለሠላሳ ሰከንድ ከፍቶ ማቆየት፣ ስልኩ ንቅንቅ እንዳይል ማድረግ፣ እጅን መሰብሰብ። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ግን ንፋስ መውጫን አያውቃትም። ከተማችን ስሟን በከንቱ አላገኘችም። አዲሱን ትሪፖዴን፣ ባለ ሦስት እግሩን የስልክ ማቆሚያ፣ ገና እንደተከልሁት ነፋሱ አንስቶ ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀለልኝ። ሁለተኛ ቀን ውኃ የሞላ ጀሪካን አሰርሁበት። ሠላሳ ሰከንዱ ትንፋሼን ይዤ አለፈ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ኮከብ ፈሰሰ። በዓይኔ የማየው ብቻ አይደለም፤ በዓይኔ የማላየውም ጭምር፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ የደቀቀው፣ ሁሉም።

ብቻዬን እልል አልሁ። አከራዬ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

«ምን ተገኘ?»

«ኮከብ!»

«አይ፣ እኔ ደግሞ መብራት መጣ ብዬ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማው ሲያዝን እኔ ጃኬቴን ማንሳት ሆነ ሥራዬ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «የምታጠፊውስ አንቺ ነሽ» እስከመባል ደረስሁ። አልከፋኝም። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ታዲያ አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬን እየጠበሰችው፣ ለሥራ ባልደረባዬ ፎቶዎቼን ሳሳያት ድንገት ምላሴ ቆመ። ቀትር ላይ ኮከብ እያሳየሁ ነው! ስልኩ ጨለማውን አይቶልኛል፤ ያየውንም በብርሃን አምጥቶ አስቀምጦታል። ቀን ለሚያይ ሰው ሌሊቱን ወደ ቀን ማምጣት ይቻላል ማለት ነው። «አባቴ!» ብዬ ከወንበሬ ዘለልሁ። ባልደረባዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ልታለቅስ ተዘጋጅታ ነበር።

እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይኸው ነው። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቀን የሚያዩበት ዓይናቸውም መድከም ጀምሯል፤ ቶሎ ካላሳየኋቸው ጭራሽ ላላሳያቸው ነው። ደግሞ ለአባቴ የማሳየው ፎቶ ከከተማ ግቢ የተነሳ፣ በሽቦና በጣሪያ የተከበበ ሰማይ እንዲሆን አልፈለግሁም። ሰባ ዓመት ሙሉ ከተኙበት ቤት በላይ ያለው ሰማይ እንዲሆን ነበር ያማረኝ።

ለዚህ ደግሞ ጨረቃ የማትወጣበት ማታ ያስፈልጋል። የጨረቃን ነገር የሚያውቁት የነፍስ አባታችን ስለሆኑ ደወልሁላቸው።

«አባ፣ ጨረቃ የማትኖርበት ማታ መቼ ነው?»

«ለምንሽ ነው?»

«ጨለማ ፈልጌ።»

«ልጄ፣ ጨለማ የሚሻ ሰው ሁለት ነው። አንዱ ሌባ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውንማ አንቺ ታውቂያለሽ። ይልቅ ሰውዬው ማነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ «አባቴ ናቸው!» አልሁ። ነገሩን ሳስረዳቸው ዕለቱን ነገሩኝ፣ ቀጥለውም መረቁኝ። ሲመርቁኝ ግን «ኸጥፋት ይሰውርሽ» የምትለዋን አልረሷትም።

በታኅሣሥ፣ አባ በነገሩኝ ሰሞን፣ ዓርብ ከሥራ በጊዜ አስፈቅጄ ወደ ቤተ ልሔም ደብር በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ ወላጆቼ ዘንድ ሄድሁ። ትሪፖዴ ጣሪያ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ወረደ። ሰፈራችን ስደርስ የገብስ ውቂያው አልቆ ምርቱ እየገባ ነው። የመጣሁበትን ስናገር እናቴ ሳቀችብኝ፤ አባቴም «ለኔ ስትይ አትልፊ። ጨረቃዋ ትበቃኛለች» አሉ። አሉ እንጂ ትሪፖዱ ተሰበረ ስላቸው «ይጠገን እንደሆን አምጪው እስቲ» ብለው እግሩን አገላብጠው አዩት። አይጠገንም ነበር።

ዘዴ መጣልኝ። አንድ ቁና ገብስ ሞልቼ ስልኩን እህሉ ውስጥ በፊቱ ደፍቼ ቀበር አደረግሁት፤ ካሜራው ሰማይ ሰማዩን እያየ ንቅንቅ የለ! በራሴ ብልኅነት ተደነቅሁ። ቁናውን አውድማው ዳር አስቀምጬ ስልኩ በተከታታይ እንዲያነሳ አዘዝሁትና እናቴ ለራት ስትጠራኝ ገባሁ። ብርዱም ብርድ ነበር።

ተመልሼ ስወጣ ቁናው ባዶ ነው። ስልኩ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ጭራሽ እርጥብ ነው። ቤት ገብቼ የተነሳውን ስከፍት የመጀመሪያዎቹ ላይ እብቁ ሌንሱን ሸፍኖታል። ከዚያ ቀጥሎ ከዳር አንድ ነገር ብቅ ይላል። ቀጥሎ ሰማዩን በሙሉ የሞላ የአፍንጫ ቀዳዳ። ቀጥሎ ጥርስ። አህያችን ነበረች።

ያየሁትን ለአባቴ ነገርኋቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የገበሬ ልጅ ሁነሽ ገብስ ኸአህያ ፊት ትተሽ ትገቢያለሽ? አህያ ማር አይጥማትም ይላሉ፤ ስልክ ግን ይጥማታል!» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ፣ ወደ እኔም ሳያዩ፣ «ነገ አህያዋን እኔ እይዛታለሁ» አሉ።

እናቴ «ምን በወጣህ! በረት ብናስራት አይበቃም እንዴ?» አለች።

«ገመድ ትበጥሳለች።»

ያቺ አህያ በዕድሜዋ ገመድ በጥሳ አታውቅም።

ቅዳሜ እንደመሸ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የአህያዋን ገመድ በእጃቸው ጠምጥመው አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ በዚህኛው ጫፍ በቁናዬ ላይ ተደፋሁ። ችግሩ ባትሪ ማብራት አይቻልም፤ ጭላንጭል ከገባ ፎቶው ይበላሻል። ስለዚህ አባቴ በጨለማ መቀመጥ ነበረባቸው። ለእኔ ጨለማው ኮከብ ነው፤ ለእሳቸው ግን ግድግዳ ነው። ይኸ የገባኝ እዚያው እንደተቀመጥን ነው፤ ማታ ማታ ለምን ቶሎ እንደሚተኙ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

«አለሽ?» ይላሉ በየመሐሉ።

«አለሁ አባዬ።»

«ቀዘቀዘሽ?»

«አልቀዘቀዘኝም። ትንሽ ነው የቀረው።»

ትንሽ አልነበረም የቀረው። አራት ጊዜ አበላሽቻለሁ። አንዴ ሳስነጥስ ቁናውን መታሁት። አንዴ እናቴ «ሰውዬውን በጨለማ አስቀምጠሽ!» ብላ የሶላር አምፖሏን አንጠልጥላ ስትወጣ ሁለታችንም እኩል «አጥፊው!» ብለን ጮኽን። አባቴ ከእኔ በላይ ነበር የጮኹት። እናቴ አምፖሏን አጥፍታ እያጉተመተመች አጠገባቸው ተቀመጠች። አህያዋም ጆሮዋን ጥላ ቆመች። ያን ጊዜ በቃ፣ ሁሉም ዝም አለ፣ ነፋሱም ለአንዴ ዝም አለ፣ ስልኩም ሥራውን ሠራ። ሦስቱ ተደርድረው የሚወጡት ኮከቦች ከተራራው በላይ ነበሩ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ለአባቴ ግን በብርድ ነው አልኋቸው።

የመጨረሻው ፎቶ እንዳለቀ ባትሪው በብርዱ ሞተ። ይውጣ አይውጣ ሳላይ አደርሁ። ያን ሌሊት ስንቴ እንደተገላበጥሁ እግዜር ይወቀው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ጎረቤት ሶላር ላይ ትንሽ ሞልቶ መጣልኝ። ከፈትሁት። ወጥቷል! ዳር እስከ ዳር፣ ከአውድማው ጭድ ክምር ጫፍ ጀምሮ፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል! በሩጫ ወደ ቤት ስገባ ደጃፉ ላይ ተደናቅፌ ጉልበቴን ላጥሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ። አባቴ ከደጅ ፀሐይ እየሞቁ ናቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ አረፈችበትና ምንም አይታይም። ቤት እንግባ ስላቸው «ኸፀሐይ አልነሳም» ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእኔና በእሳቸው ራስ ላይ ጣሉት። እናቴም «ቆዩኝ እንጂ!» ብላ በዚያኛው ጎን ገባች። ሦስታችንም በጠራራ ፀሐይ አንድ ጋቢ ውስጥ ሆንን።

አባቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ከዚያ በጋቢው ጫፍ ስክሪኑን ይጠርጉት ጀመር።

«ምን አፍስሰሽበት ነው? ጤፍ ነው?»

ምስሉ ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ እንጂ ነጠብጣቡ አልጠፋ አለ።

«እሱ ነው አባዬ። ኮከብ ነው» አልሁ።

«የቱ ነው ኮከቡ?»

«ሁሉም።»

መጥረጋቸውን ተዉት። የእስትንፋሳቸው ድምፅ ጋቢው ውስጥ ይሰማኛል። እኔ ልስቅም ላለቅስም እየቃጣኝ፣ እግሬን ማርገብ አቅቶኝ መሬቱን እጠበጥባለሁ።

«ይኸ ኸኛ ቤት በላይ ነው?»

«አዎ። ትናንት አህያዋን ይዘው ሲቀመጡ ከራስዎ በላይ የነበረው ነው።»

«ትናንት ብቻ?»

«ሁልጊዜ አለ አባዬ። በየማታው።»

ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እናቴ አዞሩ። «አንቺ ታይው ኖሯል?»

«ታዲያስ! ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ምነው ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ እኮ!» አለች እናቴ ደንገጥ ብላ። «ብዙ ነው እልህ አልነበር?»

«ብዙ ስትሉኝማ» አሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ፣ «ሃያ ሠላሳ መስሎኝ።»

እናቴ ሙቀቱ በዝቶባት ይሁን እንባዋን ልትደብቅ፣ ጋቢውን ገልጣ ልትወጣ ስትል አባቴ ጫፉን ያዙባት።

«ቆይ፣ አትግለጪው» አሉ። «ገና አላየሁትም።»