የአጎቴ የክርስትና ስም

ልጄ ሰሞኑን የዘመዶቻችንን የዘር ሐረግ በስልኳ ትመዘግባለች። ትናንት «እማዬ፣ አጎትሽ ይርጋ መቼ ሞቱ?» አለችኝ። «ቀኑን የሚያውቅ የለም» አልኋት።

ያን ጊዜ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ የምማር ተማሪ ነበርሁ። ይርጋ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው፣ ወደ ሳንጃ ወርዶ ከቀረ ዓመት አልፎት ነበር። አብሮት የሄደ ጎረቤት ዘግይቶ ለአባቴ ብቻ ነገረው፤ ይርጋን ወባ ሲጥለው ጎንደር ጠበል አስገብቶት ነበር፤ በኋላ እዚያው ማረፉን ሰማ። አባቴ ለአያቴ አልነገራትም። መቃብሩን ሳላይ እንዴት ብዬ ላርዳት ይል ነበር።

አባቴ እኔ ዘንድ መጥቶ ጠበሉ ካለበት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። መዝገብ የያዙት መሪጌታ ወጣት ነበሩ።

«የክርስትና ስማቸው ማነው፣ አያ? የሞተ ሰው የምንጽፈው በእሱ ነው።»

አባቴ አያውቀውም። ይርጋ ክርስትና ሲነሣ እሱ አልተወለደም፤ ያነሡት ቄስም ሞተዋል። የቀረችው አያቴ ነበረች።

በማግስቱ እሷ ወዳለችበት ወደ ትክል ድንጋይ ሄድን። ጥቅምት ነበር፤ ጭቃው ጠፍፏል፣ ማሳው በባቄላ እሸት ተሞልቷል። አያቴን ደጃፏ ተቀምጣ እሸት ስትፈለፍል አገኘናት። ዘግና ሰጠችኝ።

«እናቴ፣ የይርጋ የክርስትና ስም ማን ነበር? ጸሎት ላስይዝለት ብዬ ነው» አላት አባቴ።

እጇ ቆመ።

«ለቁም ነው ለሙት?»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። አያቴ «ኃይለ ሚካኤል» አለች፤ ነጠላዋንም ዘቅዝቃ ለበሰች።

ወደ ጎንደር ተመልሰን ስንሄድ መሪጌታው በዚያ ዓመት ካረፉት መካከል ሦስት ኃይለ ሚካኤል አገኙ። ያባት ስም የለም፣ ያገር ስም የለም።

«በወባ የሚመጣው ብዙ ነበር፣ አያ። የትኛው የእርስዎ ወንድም እንደሆነ አላውቅም፤ አልዋሽዎትም።»

አባቴ መቃብሩን ሁሉ ዞረ። ሣር የለበሰውን እያለፈ፣ አንዳንዱ ጋ እየቆመ፣ መጨረሻ ላይ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ትክል ድንጋይ ስንመለስ አያቴ «አገኛችሁት?» አለች።

«የለም፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ምን ብዬ ላልቅስ?»

ለቅሶ አልተቀመጠችም። ከሳንጃ የሚመለሰውን ሁሉ ስለ ልጇ መጠየቋንም ተወች። ጥቂት ዓመት ቆይታ ሞተች፤ አባቴም ተከተላት።

ልጄ መዝገቡን ሄጄ ልይ ትላለች። ትሂድ፤ የምታገኘው ያንኑ ሦስት ኃይለ ሚካኤል ነው። እኔ የማስበው አባቴ ስሙን የጠየቀበትን ቀን ነው። አያቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጇን ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠበቀችም፤ አላለቀሰችምም።