ሶላሩን የሸፈነው ሽርጥ

ወልድያ ባለው ቤቴ የባለቤቴን ሽርጥ ከገመድ ላይ ሳወርድ፣ በፀሐይ የደረቀው ጨርቅ ሽታ ግራና ከተማ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት መለሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሩቅ ነበርና ለሰፈራችን ልጆች ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ትምህርት የተጫነበት ታብሌት ተሰጠን። ቻርጅ የሚያደርገውን ሶላር አባቴ የቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አሰሩት። በሦስተኛው ቀን ታብሌቴ አልበራ አለ። የሰጡን ሰዎች አበላሸሽው ብለው ይወስዱብኛል ብዬ እያለቀስኩ ቀና ስል፣ ሶላሩ በአባቴ ሽርጥ ተሸፍኗል።

«አባየ፣ ለምን ሸፈኑት?»

«ፀሐይ እንዳይጎዳው ነዋ! ጫት እንኳ ካልሸፈኑት ይጠወልግ የለ?»

«ምግቡ እኮ ፀሐይ ነው!»

ፊደል ያልቆጠሩት አባቴ መሰላል አቆሙ። ከዚያ ወጥተው ሽርጡን ገፈፉና በዚያው አቧራውን ጠረጉት፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ቀስ ብለው።

«ሱብሃነላህ! እኔን ስታከስለኝ የኖረች ፀሐይ ላንች ትምህርት ሆነች?» አሉ። እኔ የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው መጀመሪያ የሚወጡት መሰላሉን ነበር።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ሽርጡን እንደያዝሁ ደወልሁላቸው።

«አባየ፣ ያ ሶላር አለ?»

«የጎረቤት ልጆች ይማሩበታል» አሉኝ። «አሁን ጠርጌው መውረዴ ነው።»